በአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያየሁት ፊት

ባጃጅ ጭሮን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ሰሞን እኔ ገና ሃያዎቹን ያላገባደድኩ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት የነበረችኝ ሴት ነበርኩ። ሥራዋን የተረከብኩት ከአቶ ተስፋዬ ነው። አቶ ተስፋዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከተማዋንም እስከ መጨረሻው በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ እያሉ ነበር የሚጠሯት። ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ አዳማ ወሰደቻቸው። ካሜራቸውን ይዘው ሄዱ፣ ኮምፒውተራቸውን ለእኔ ተዉልኝ።

ኮምፒውተሩ የድሮ ነው። ስክሪኑ ወደ ኋላ ሆዱ የተዘረጋ፣ ለብቻ የማይነሳ፤ ኪቦርዱ ከእርጅና ብዛት ቢጫ የሆነ። አቶ ተስፋዬ የሚሄዱ ዕለት መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «ምሕረት፣ እሱ ውስጥ የሰው ኑሮ አለ። ሳታዪው እንዳታጠፊው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ግን የምር አልነበረም። የሚጠግንልኝ ልጅ ዲስኩ እያለቀ እንደሆነ፣ በተከፈተ ቁጥር ዕድሜው እንደሚያጥር ነግሮኝ ነበር። ሐሳቤ ሁሉንም አጥፍቼ ለአንዱ ጽሕፈት ቤት መሸጥ ነበር።

እኔ ያኔ ሰው አላስጠጋም ነበር። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ካረፈ በኋላ የሆስፒታሉን በር ማለፍ ራሱ ያስጨንቀኝ ጀመር። እሑድ ቸርች እሄዳለሁ፣ መዝሙር እዘምራለሁ፣ ሌላውን ቀን ሱቄ ውስጥ ነኝ። ሰው ሲመጣ «ቀና ይበሉ፣ ወደዚህ ይዩ፣ አበቃ» ብዬ ጉርድ ፎቶውን አንስቼ እሸኘዋለሁ። ስሙን እንኳ አልጠይቅም።

ቢሆንም ለአቶ ተስፋዬ እሺ ብያለሁና፣ ከማጥፋቴ በፊት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አንዳንዱን መክፈት ጀመርኩ። ሰውየው ድሮ በፊልም ያነሱትን ሁሉ ስካን አድርገው፣ በቪዲዮ ካሴት የቀረጹትንም ገልብጠው አስገብተውታል። የፎልደሮቹ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ «ሰርግ ቦኬ»፣ «ለቅሶ»፣ «ኳስ»፣ «ጎርፍ»፣ «ጫት ተራ»፣ «አረፋ»፣ «ጥምቀት»፣ «የኛ መዝሙር»። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አሉ። የዋንጫ ሽልማት የሆነውን ፍየል ተሸክመው የሚስቁ የሂርና ተጫዋቾች አሉ። ጎርፍ ከወሰደው ቤት በር ብቻ ቀርቶ፣ በሩን ይዘው የቆሙ ባልና ሚስት አሉ። ከፎቶዎቹ በአንዱም ላይ የማንም ስም አልተጻፈም።

እንዲህ በምመለከትበት ሰሞን አንድ ረቡዕ ጠዋት ጫልቱ መጣች። ጫልቱ ነርስ ናት፤ አንድ መዘምራን ውስጥ ነን። ከአዳር ሥራ ወጥታ ስለነበር ዓይኗ ቀልቷል። ሳትቀመጥ ሞባይሏን ዘረጋችልኝ።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

አልጋ ላይ የተኛ ጎልማሳ ነው። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ግማሽ ፊቱ አብጧል።

«ማነው?»

«እኛም እሱን ነው የምንፈልገው። ትናንት ከሂርና ወዲህ ባለው ቁልቁለት መኪና ገጭቶት ጥሎት ሄዷል። መንገደኞች ናቸው ያመጡት። ኪሱ ውስጥ መታወቂያ የለም፣ ስልክ የለም። ራሱን አያውቅም። አንቺ የስንቱን ሰው ፊት ስታዪ ነው የምትውዪውና ምናልባት ብዬ ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ አተኩሬ አየሁት። የቀኝ ቅንድቡ መሐል ላይ በአሮጌ ጠባሳ ለሁለት ተከፍሏል። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

«የት?»

«እዚያ» አልኩ፣ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር እያመለከትኩ።

ጫልቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪሙ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ፣ ነገ አምቡላንስ ሲገኝ ሐረር ካልደረሰ እንደማይተርፍ መናገሩን ነገረችኝ። «ግን አስታማሚ የለውም። ማን ይፈርምለታል? ማን ደም ይፈልግለታል? ሐረር ደርሶ ኮሪደር ላይ የሚቀር ነው የሚመስለኝ። ዘመድ ከተገኘ ግን ሌላ ነው።»

ኮምፒውተሩን አበራሁት። እስኪነሳ የሚወስደውን ጊዜ የማውቀው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን አላልቅ አለ። ከሥር ሳጥኑ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳየሁት አላስታውስም። ከ«ኳስ» ጀመርኩ። አንዱ ፎቶ እስኪከፈት ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባር። ቅንድቡ ጋ እስኪደርስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። አይደለም። ቀጣዩ። አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ አይከፈትም፤ መስቀለኛ ምልክት ብቻ ያሳያል። ያ ያልተከፈተው ቢሆንስ እያልኩ አልፋለሁ።

«ጫት ተራ»ን አየን፣ «ገበያ»ን አየን። መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መብራት እስኪመለስ ደጅ ወጥተን ቆምን፤ ባጃጆች ይተላለፋሉ፣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል፣ እኛ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አፍጥጠናል። ሲመለስ ማሽኑ ለመነሳት እንቢ አለ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ጎኑን በመዳፌ ደገፍ አድርጌ «ጌታ ሆይ፣ አንዴ ብቻ» ስል ጫልቱ አሜን ስትል ሰማኋት። ተነሳ።

ያገኘሁት «ሰርግ ቦኬ» ውስጥ ነው፤ ቪዲዮ ላይ። ሙሽራው ጥቁር መነጽር አድርጓል። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ቀጭን ጎረምሳ፣ ወደ ካሜራው ዞር ብሎ ይስቃል። የቀኝ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ያሉ። ከኋላው አንድ ድምፅ «ጀማል፣ ኮቱ» ብሎ ይጠራዋል፤ ና ማለት ነው። ልጁ እየሳቀ ይሮጣል።

ቪዲዮውን አቆምኩትና የጫልቱን ሞባይል ከስክሪኑ አጠገብ ያዝኩ። አንዱ ጎረምሳ ነው፣ ሌላው ያበጠ ጎልማሳ። በመሐላቸው ብዙ ዓመት አለ።

«እሱ ነው» አለች ጫልቱ። «እሱ ራሱ ነው። አይደል?»

«እሱ ይመስለኛል» አልኩ። ቃሉን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ይመስለኛል ነው ያልኩት።

ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ምክንያቱም ያ ማሽን ፍላሽ አይቀበልም። የቦኬ ስልክ የምናውቀው ሰው አልነበረንም። ጫልቱ ወደ ሆስፒታል መመለስ አለባት። ስለዚህ ሱቄን ዘግቼ መኪና ተራ ሄድኩ።

የቦኬ መንገድ አቧራ ነው። ጉልበቴ ላይ የአንዲት ሴት ዶሮ ተቀምጣ፣ በየመንገዱ እየቆምን፣ እኔ ስልኬን እያወጣሁ ያንን ፎቶ ደጋግሜ አያለሁ። ቅንድቡን ሳይ እርግጠኛ እሆናለሁ፣ አገጩን ሳይ እጠራጠራለሁ። ከደረስኩ በኋላ ገበያው ዳር ያለ ባለሱቅ ሙሽራውን ለየውና ቤቱን አሳየኝ። ሙሽራው አሁን የልጆች አባት ነው፤ የሚዜውን ፎቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ ጀማል ነው። ጀማል እኮ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ብሎ ከወጣ ዓመታት አለፉ። ከባሕሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ የሰማ የለም።»

«ጭሮ ነው ያለው» አልኩት። «ታሟል።»

የእናትየው ቤት ከመንደሩ ጫፍ ነው። አዴ ሞሚና ይባላሉ፤ አዴ ማለት እማማ እንደማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ሴት ናቸው፤ በር ላይ ተቀምጠው ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ሙሽራው በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ነገራቸው። አላለቀሱም። ማሽላውን ወደ ጆንያው መለሱት፣ ወንፊቱን ሰቀሉት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይተነፍሳል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይተነፍሳል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ሻሻቸውን ሊያስሩ ገቡ።

በዚያ ሰዓት ወደ ጭሮ የሚመለስ መኪና ስላልነበረ እዚያው አድረን በማለዳው መኪና ተሳፈርን። አዴ ሞሚና ትንሽ ዘንቢል በእቅፋቸው ይዘዋል። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ጠጋ አሉኝ። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነበር።

«ልጄ፣ እጁን ነክተሽዋል? ይሞቃል?»

አልነካሁትም። አላየሁትምም። ያየሁት ስልክ ላይ ያለ ፎቶና የድሮ ቪዲዮ ነው። ሆስፒታሉ ከሱቄ የአጭር ባጃጅ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ያንን በር ማለፍ ስለምፈራ ሰውየውን ሄጄ ሳላይ፣ እናቱን ላመጣ ቦኬ ድረስ ሄጃለሁ።

«ነርሷ ነች የምትነካው» አልኳቸው። «እኔ... ፎቶውን ነው ያየሁት።»

አልተቆጡም። ወደ መስኮቱ ዞሩና ከንፈራቸው በዱዓ መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። እሱ ይሁን ብዬ ልጸልይ እልና፣ የአንዲት እናት ልጅ ጭንቅላቱ ተሰብሮ እንዲገኝ መጸለይ ይሆንብኛል። እሱ አይሁን ልል ስል ደግሞ፣ እኒህን ሴት ምን ብዬ ልመልሳቸው ነው? ዓመታት ሙሉ የተዳፈነውን እሳት ገልጬባቸዋለሁ።

ጭሮ ስንደርስ አምቡላንሱ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ጫልቱ ሮጣ መጣች። አዴ ሞሚናን እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ስታስገባ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። የመድኃኒቱ ሽታ አባቴን አመጣብኝ። ግን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ገባሁ።

ሰውየው ቃሬዛ ላይ ነበር። አዴ ሞሚና ቀስ ብለው ተጠጉ። ፊቱን አዩ። ቅንድቡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ፤ ወደ እግሩ ሄዱና አንሶላውን ገለጥ አድርገው የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ተመለከቱ። አንሶላውን መልሰው አለበሱት።

«ኢልማ ኮ ሚቲ» አሉ።

ልጄ አይደለም።

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ገባ፣ ወጣት ነው፣ ተጣድፏል።

«ቤተሰብ ተገኘ? መኪናው መሄድ አለበት።»

አዴ ሞሚና ወደ ጫልቱ ዞረው፣ «የማን ነው ታዲያ?» አሏት።

«አይታወቅም፣ አዴ። ማንም የለውም።»

«ማንም ካልሄደ ምን ይሆናል?»

ጫልቱ ሐኪሙን አየች፣ ከዚያ መሬቱን። «እንጃ» አለች።

አዴ ሞሚና ዘንቢላቸውን ከመሬት አነሱ። ሐኪሙ በአማርኛ፣ «እርስዎ እናቱ ነዎት?» ሲላቸው ቀና ብለው አዩት።

«እናት ነኝ» አሉ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው። «የት ነው ጣት የሚደረግ?»

በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። እኔ ቀርቤ፣ «አዴ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ሸክም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት፣ ወደ ቤትዎ ልመልስዎት» አልኳቸው።

«የኔም ልጅ የት እንደወደቀ አላውቅም» አሉኝ። «ወድቆ ከሆነ፣ አንዲት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ይሆናል። ወይም ልቀመጥ ወይስ ልሂድ እያለች ቆማ ይሆናል። እኔ እንድትቀመጥ ነው የምለምነው። ታዲያ እኔ እንዴት እሄዳለሁ?»

አምቡላንሱ ውስጥ ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ። ቆብ ያጠለቀ ሾፌር፣ አንድ ነርስ፣ አዴ ሞሚና፣ እኔ። ሂርናን ስናልፍ መንገዱ በጫት መኪና ተጨናንቆ ነበር። መኪናው በቆመ ቁጥር የሰውየውን ደረት አያለሁ፤ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴ የማይነሳ ይመስለኛል። አዴ ሞሚና እጁን ይዘው ጀማል ይሉታል። ሌላ ስም የለውማ።

«እጁ ይሞቃል» አሉኝ መሐል ላይ። «ንኪው።»

ነካሁት። ይሞቃል።

ሐረር ደም ሰጠሁ። ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር፤ አዴ ሞሚና ኮሪደሩ ላይ ሰላት ሲሰግዱ እኔ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ሐኪሟ ወጥታ፣ «ለአሁኑ ተርፏል፣ ግን ገና ነው» አለች። እኔ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ሱቄ ተመለስኩ፤ እሳቸው ቀሩ። ማታ ማታ በነርሶች ስልክ እደውላለሁ። «አልነቃም፣ ግን ጣቱን ያንቀሳቅሳል» ይሉኛል ነርሶቹ። አንድ ቀን ግን ስልኩን አዴ ሞሚና ራሳቸው አነሱት።

«ውሃ ብሏል» አሉኝ። «በአማርኛ ነው ያለው።»

ሰውየው ሽመልስ ይባላል። ከአርሲ በኩል የመጣ፣ ሂርና ላይ ጫት የሚጭን የቀን ሠራተኛ ነበር። አባቱ ሲሰሙ ገስግሰው መጡ። ሽመልስ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው የማያውቃቸውን አሮጊት ነው፤ በስሙ ባልሆነ ስም ሲጠሩት ለምን አቤት እንዳለ አሁንም አያውቅም።

አዴ ሞሚና ወደ ቦኬ ሲመለሱ ጭሮ ወርደው ወደ ሱቄ መጡ። ሻይ ላስመጣ ብል እንቢ አሉ። «አሁን የኔን አሳዪኝ» አሉኝ።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። ለካ እኒህ እናት የልጃቸው አንድ ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም፤ የነበረችውን ጉርድ ጀማል ለመንገዱ ይዟት ሄዷል። ቪዲዮው ተከፈተ። ጀማል ወደ ካሜራው ዞሮ ሳቀ። ድምፁ «ኮቱ» ብሎ ጠራው፣ ሮጠ፣ ጠፋ። አዴ ሞሚና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ያ የሚጠራው አባቱ ነው» አሉኝ። «ነፍሱን ይማረው። የሁለቱም ድምፅ እዚህ ነበር ማለት ነው?»

«እዚህ ነበር፣ አዴ።»

«ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ብዙ ጊዜ ደገምኩላቸው፤ ማሽኑ ቀጭ ባለ ቁጥር እኔ እጨነቃለሁ፣ እሳቸው ግን አይሰሙትም። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ያ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የሚጠግንልኝን ልጅ ለምኜ፣ ከመሞቱ በፊት የቻልነውን ያህል ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጥን። ብዙው ተርፏል፤ «ጎርፍ» ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በራቸውን ይዘው የቆሙትን ባልና ሚስት ሳስብ ይቆጨኛል፤ ስማቸውን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ዛሬ እኔ ዘንድ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው፣ ስምህ ማነው፣ ከየት ነህ ብዬ ሳልጠይቅ አይወጣም። አንዳንዱ ምን አገባሽ ይለኛል። አልከፋም።

ስለ ጀማል ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። እስካሁን ምንም አልተሰማም። እናቱን መጠበቅ ያቁሙ የሚላቸው የለም፣ እኔም አልልም። በአንድ አሮጌ ቪዲዮና በግማሽ ያበጠ ፊት ተነስቼ ያደረስኩባቸውን ነገር ሳስብ ዛሬም ያባንነኛል። ሽመልስ ደግሞ በዚያው ስሕተት ነው በሕይወት ያለው፤ በየዓመቱ ለአረፋ በግ ይዞ ቦኬ ይሄዳል። ሁለቱን እንዴት አድርጌ ጎን ለጎን እንደማስቀምጣቸው አሁንም አላውቅም።

የማውቀው አንድ ነገር ነው። ጫልቱ ወገን የሌለው በሽተኛ ሲመጣባት ትደውልልኛለች፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ያንን በር መፍራቴ አልጠፋም፣ ግን አልፈዋለሁ። አዴ ሞሚናም ለገበያ ጭሮ በመጡ ቁጥር ሳይጠሩ ወደ ሆስፒታሉ ጎራ ይላሉ። እና እናንተም አንድ ቀን በሆስፒታላችን ብታልፉና፣ አንዲት ረጅም አሮጊት ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው የማያውቁትን ሰው እጅ ይዘው ብታዩ፣ ምኑ ነዎት ብላችሁ አትጠይቋቸው። ወንበር ካገኛችሁ ብቻ አቀብሏቸው፤ ብዙ ጊዜ ቆመው ነው የሚውሉት።